ለቄሰ ገበዝ የቀዳሁት ሩብ ብርጭቆ

ዛሬ ዛሬ በየድግሱ ጠርሙሱን በነጭ ፎጣ ጠቅልሎ፣ ወገቡን ሰበር አድርጎ ወይን ጠጅ የሚቀዳ አስተናጋጅ ሞልቷል። «ይቅመሱት ጌታዬ» ብሎ ጠብታ የምታህል ነገር ብርጭቆዬ ውስጥ ጠብ ሲያደርግልኝ፣ እኔ «ሙላው ወንድሜ፣ አትሳሳብኝ» እለዋለሁ። አብረውኝ የተቀመጡት ሰዎች በባላገርነቴ ይሳሳቃሉ። ይሳቁ። እነሱ በጥር ወር፣ ደባርቅ ላይ፣ በረፋድ አንድ ቅል ጠበል አናታቸው ላይ አልተደፋባቸውም።

ነገሩን ከሥሩ ላውጋችሁ። በደርግ ጊዜ ደባርቅ እንግሊዝኛ አስተምር ነበር። የተወለድኩት ዳባት ነው። ዳባትና ደባርቅ ጎረቤት ናቸው፣ የደባርቅ ሰው ግን ሲበርደኝ ባየ ቁጥር «ቆላ ያደገ» ይለኛል። ዳባትም ደጋ መሆኑን ለማስረዳት ስንት ዓመት እንደደከምኩ እኔ አውቃለሁ። ባለቤቴ ስንዱ ትባላለች። የቄሰ ገበዝ ላቀው ልጅ ናት። ቄሰ ገበዝ ከከተማው ወደ ጃናሞራ በሚወስደው መንገድ፣ አንድ ሰዓት ያህል በእግር የምትርቅ ደብር ያስተዳድራሉ። የደብሩን ንዋየ ቅድሳት የሚጠብቁ፣ ዕጣንና ዘቢብ ሲጎድል የሚያሟሉ፣ ራሳቸውም የሚቀድሱ፣ ንግግራቸው ጥቂት የሆነ ሰው ናቸው።

ቄሰ ገበዝ ልጃቸውን በሥርዓተ ተክሊል፣ በቁርባን ሊድሩ አስበው ነበር። እኛ ደግሞ የዘመኑ ነፋስ መትቶን አንድ ሐሙስ ቀን ቀበሌ ሄደን ፈረምንና ተጋባን። ሲሰሙ አልጮኹም፣ አልረገሙም። «ከእንግዲህ በዚያ ቤት እህል ውሃ አልቀምስም» ብቻ አሉ። ይህ በእኛ አገር ቀላል ነገር አይደለም። ሰላም ብሎህ፣ ደጅህ ድረስ ሸኝቶህ፣ ግን ቤትህ ገብቶ የማይቀምስ ሰው ዘመድህ አይደለም። ሦስት ዓመት እንዲህ ሆነ። ስንዱን ገበያ ላይ ሲያገኟት መስቀል ያሳልሟታል፣ ግንባሯን ይስማሉ፣ ከዚያ «ያ መምህር ደኅና ነው?» ብለው ይሄዳሉ። ስሜን በአፋቸው ጠርተውት አያውቁም።

በሦስተኛው ዓመት ስንዱ ፀነሰች። ሰባተኛ ወሯ ሲገባ ምንም አላለችኝም፤ ነገር ግን በዓል በመጣ ቁጥር በር ላይ ቆማ ወደዚያ ወደ ሽቅብ መንገድ ትመለከታለች። ያን ማየት ከክርክር ይከብዳል። ጎረቤታችን አያ ተገኘ አንድ ዓመት ሙሉ ዱላቸውን ይዘው ሲመላለሱ ከረሙና በመጨረሻ ምሥራች ይዘው መጡ። ቄሰ ገበዝ የነፍስ አባታቸውን አስፈቅደው ቃላቸውን አንስተዋል፤ ከአስተርእዮ ማርያም ቀጥሎ ባለው እሑድ ቀድሰው ሲወጡ ይመጣሉ።

«እንግዲህ መምህር፣ ነገሩ አጭር ነው» አሉኝ አያ ተገኘ። «ከቀመሱ ዕርቅ ነው። ሳይቀምሱ ከወጡ ግን እኔ ሁለተኛ ያን ዳገት አልወጣም። ጉልበቴም እንቢ ይለኛል፣ ፊትም የለኝ።»

ስንዱ የዚያኑ ለት ከተራራው መንደር ከጊች ገብስ አስመጥታ ጠላ ጠነሰሰች። አስተዋይ ባል ቢሆን «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ አርፎ ይቀመጥ ነበር። እኔ ግን ሳይቸግር ጤፍ ብድር እንዲሉ፣ አልጋዬ ሥር አንድ ጠርሙስ ወይን ጠጅ ነበረኝ።

የጠርሙሱ ታሪክ እንዲህ ነው። ባለፈው ክረምት ዋልያ ሊቆጥር ጊች የመጣ አንድ ፈረንጅ ነበር፤ እኔ ሁለት ሳምንት አስተረጎምኩለት። ጧት ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ማታ ከዚያው ድንጋይ ላይ የሚነሳ ሰው ነው። ሲሰናበተኝ ቀይ ወይን ጠጅ ሰጠኝና አጠጣጡን እንደ ትምህርት አስጠናኝ። ጠርሙሱ ቆሞ ሳይሆን ተጋድሞ ይቀመጣል። በቤት ሙቀት ይቀርባል። ከመቀዳቱ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ተከፍቶ ይተነፍሳል። ብርጭቆው ሩቡ ብቻ ይሞላል። ጋባዡ መጀመሪያ ራሱ ቀድቶ ያሽከረክራል፣ ያሸታል፣ አፉ ውስጥ ያንከባልላል፤ የሚያውቁ ሰዎች ደግሞ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ይተፏታል። ከተከፈተ በኋላ ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም፣ ኮምጣጤ ይሆናል። ሁሉንም አንድ በአንድ ደብተሬ ላይ ጻፍኩ። መክፈቻውን ግን ኪሱ ከትቶ ሄደ።

ከዚያ ወዲህ ጠርሙሱ አልጋ ሥር ተጋድሞ ከረመ። እኔም በየሳምንቱ ጎንበስ ብዬ አየዋለሁ። ስንዱ «አስታማሚ ሆንክ እኮ» ትለኛለች።

እውነቱን ልናገርና ወይኑን ለማቅረብ የተነሳሁት ለዕርቁ ብቻ ብዬ አይደለም። ጠላውንማ ቄሰ ገበዝ ስድሳ ዓመት በየቤቱ ጠጥተውታል። እኔ ግን ልጃቸው ያገባችው እንዲያው አንድ ተራ ጠመኔ ያዥ አለመሆኑን እንዲያዩ ፈለግኩ። ደባርቅ ውስጥ ማንም ያላቀረበውን፣ ማንም በማያውቀው ሥርዓት ላቀርብላቸው። ኩራት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ቅዳሜ ጧት የመጀመሪያው ችግር መጣ፤ የቤት ሙቀት። የፈረንጁ ቤት እንዴት ያለ እንደሆነ አላውቅም። የእኔ ቤት በጥር የእንስራው ውሃ ጥርስ የሚያፈልስበት ቤት ነው። በቤቴ ሙቀት ካቀረብኩማ ቄሰ ገበዝ ጥርስ አይተርፋቸውም። ብዙ ካሰብኩ በኋላ ጠርሙሱን በጋቢዬ ውስጥ ታቅፌ፣ ከግድግዳው ሥር ፀሐይ ላይ ተቀመጥኩ። ፀሐይ ከውጭ፣ ገላዬ ከውስጥ። ዶሮ እንቁላል ስትታቀፍ ለምን ዓይኗን እንደምትከድን የገባኝ ያን ለት ነው። ደስ ይላል።

የቀበሌው ጥበቃ ጋሻው ጠመንጃውን አንግቶ ወደ ገበያ ሲወርድ አየኝና ቆመ።

«መምህር፣ ምን ታቅፈሃል?»

እዚህ ላይ እውነቱን ብናገር ይህ ወግ አይኖርም ነበር። መጠጥ ነው ካልኩት ይቀመጣል። ቢቀመጥ ባልከፋ፤ ማክሰኞ በውይይት ክበቡ «መምህሩ የፈረንጅ ወይን ይጠጣል» ካለ ግን የንዑስ ከበርቴ ዝንባሌ ተብሎ ሕዝብ ፊት መቆም አለ። ንዑስ ከበርቴ ምን ማለት እንደሆነ ለቀበሌው ያብራራሁት ደግሞ እኔው ራሴ ነበርኩ፤ ያውም በምሳሌ አስደግፌ።

«መድኃኒት ነው» አልኩት። «ሙቀት ይፈልጋል።»

«የምን መድኃኒት?»

«የ... የደረት።» ማንም ሳያዘኝ ሳል ጨመርኩበት።

ጋሻው ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አለ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየሁት። «እግዜር ይማርህ መምህር፤ አንተን የመሰለ ሰው» አለና አንገቱን ደፍቶ ወረደ። እኔ በብልሃቴ ተደሰትኩ። ያ ቀን የገበያ ቀን መሆኑን፣ ጋሻውም ቀኑን ሙሉ ገበያ መሐል እንደሚውል አላሰብኩም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ጎረቤታችን የዶሮ መረቅ በድስት ይዛ መጣች። ለነፍሰ ጡሯ ነው ብዬ አመሰገንኩ። ሴትዮዋ ግን ድስቱን ለስንዱ አልሰጥም ብላ ለእኔ አስጨበጠችኝና «በትኩሱ ጠጣው» ብላ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች ወጣች። የጠጣሁት መረቅ ግሩም ነበር። ለምን አለቀሰች ብዬ አልጠየቅኩም። ሆዱ የሞላ ሰው ብዙ አይጠይቅም።

እሑድ ጧት ጠርሙሱን ለመክፈት ተነሳሁ። የቡሹን አፍ በሚስማር ወጋሁት፣ ሚስማሩ ብቻውን ወጣ። በቢላዋ ቆረቆርኩት፣ ፈረፈረ። ስንዱ ሰፌድ የምትሰፋበትን ወስፌ አመጣሁ፤ ወስፌው እዚያው ተሰክቶ ቀረና እሱን ለማውጣት ሌላ ሩብ ሰዓት ፈጀሁ። በመጨረሻ በማማሰያ እጀታ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጥልቅ ብሎ ገባና ወይኑ ላይ ይንሳፈፍ ጀመር፤ ፍርፋሪውም ተከተለው።

«ተከፈተ» አልኳት።

«ይኼ ተከፈተ ይባላል?» አለች ስንዱ።

አሁን መተንፈስ አለበት። ጠርሙሱን አፉን ገልጬ መደቡ ላይ አስቀመጥኩት። ስንዱ በአጠገቡ ስታልፍ በጨርቅ ከደነችው። ገለጥኩት። ስትመለስ ከደነችው።

«ይተንፍስ እንጂ!» አልኳት።

«አፉ የተከፈተ መጠጥ ለሰው አይሰጥም። የቄስ ልጅ ነኝ እኮ።»

«የመጠጡ ሥርዓት ነው።»

«የማን ሥርዓት? ዋልያ ቆጣሪው ነው ሥርዓት ያስተማረህ?»

እንዲህ ስንከድንና ስንገልጥ ሰዓቱ አለቀ። ወይኑ ከተነፈሰም በቅጡ ሳይሆን እያቃሰተ ነው የተነፈሰው።

አራት ሰዓት ገደማ አያ ተገኘ ቀድመው፣ ቄሰ ገበዝ ተከትለው ገቡ። ቄሰ ገበዝ ነጭ ጥምጥማቸውን እንደጠመጠሙ፣ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በሌላው ትልቅ የጠበል ቅል ይዘዋል። ቤት ሊባርኩ ነው ብዬ ደስ አለኝ። ስንዱ ጉልበታቸውን ልትስም ጎንበስ ስትል ቀና አደረጓትና ሆዷን በመስቀል ባረኩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱኝ።

«መምህር፣ እንዴት ነህ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ።»

አያ ተገኘ በረጅሙ ተነፈሱ። «ደኅና ነኝ ይላል» አሉ ለራሳቸው። «አይ ሰው!»

ከዚያ እኔን፣ ጋባዡን፣ ከምድጃው አጠገብ ካለው ሙቅ ቦታ አስቀመጡኝ። ቄሰ ገበዝ የራሳቸውን ጋቢ አውልቀው ትከሻዬ ላይ ደረቡልኝ። ሦስት ዓመት ስሜን ያልጠሩ ሰው! ወይኑ ሳይቀዳ ይህን ያህል ከሠራ ሲቀዳ ምን ሊሆን ነው ብዬ አሰብኩ።

ስንዱ በነጩ ሳፋ እጅ አስታጠበች። የጠላውን ጣሳ ልታነሳ ስትል «ቆይ» አልኳት። ደብተሬን ኪሴ ውስጥ ዳሰስኩና ጠርሙሱን አመጣሁ። ቄሰ ገበዝና አያ ተገኘ ተያዩ።

«መድኃኒትህ ነው?» አሉ አያ ተገኘ በቀስታ።

ጥያቄው ግራ አጋባኝ፤ ለቀልድ ያሉ መሰለኝና «ለሁላችንም መድኃኒት ነው» ብዬ ፈገግ አልኩ። ሁለቱም ፈገግ አላሉም።

በሥርዓቱ መሠረት መጀመሪያ ለራሴ ሩብ ብርጭቆ ቀዳሁ። እስከዚህ ድረስ ፈረንጁና እኛ እንስማማለን፤ በእኛም ቤት የሚቀዳ ሰው መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ሳይቀምስ ለእንግዳ አይሰጥም። ከዚህ በኋላ ግን መንገዳችን ይለያያል። ብርጭቆውን አሽከረከርኩ። አፍንጫዬን ከትቼ በረጅሙ ሳብኩ። ተጎነጨሁና በቀኝ ጉንጬ፣ በግራ ጉንጬ፣ ከምላሴ ሥር አንከባለልኩት። ዓይኔንም ጨፈንኩ፤ ፈረንጁ ይጨፍን ነበር። ይህን ጊዜ የሚያውቁ ሰዎች ምን እንደሚያደርጉ ትዝ አለኝና፣ ወደ ነጩ ሳፋ ጎንበስ ብዬ ቱፍ አልኩ።

ነጭ ሳፋ ላይ ቀይ።

«ደም!» አሉ አያ ተገኘ።

ደም የት አለ ብዬ ቀና ስል ቄሰ ገበዝ ተነስተዋል። ያ ዝግ ያለ እርምጃቸው የት እንደሄደ እንጃ፤ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» የሚለውን ስሰማ ቅሉ አናቴ ላይ ነበር። የጠበሉን ምንጭ አውቀዋለሁ። ከሰሜን ተራራ ግርጌ፣ ፀሐይ ከቀትር በኋላ ብቻ የምታየው ምንጭ ነው። መጀመሪያ ማጅራቴን፣ ከዚያ ጀርባዬን፣ ከዚያ ስሙ የማይጠራውን ሁሉ አዳረሰኝ። መስቀሉን ግንባሬ ላይ ተጭነው ጸሎቱን ያወርዱታል። «አልታመ...» ልል አፌን ስከፍት ጠበሉ ገባ። እንደገና ስሞክር እንደገና ገባ። ከብርዱ የተነሳ የወጣልኝ ድምፅ የሰው አልነበረም።

«ጮኸ!» አሉ አያ ተገኘ። «ይበሉ አባታችን፣ አይተዉት፣ ጮኸ!»

ስንዱን ፈለግኋት። መደቡ ላይ ተቀምጣ ሆዷን በሁለት እጇ ይዛ ትንቀጠቀጣለች። ምጥ ያለጊዜው መጣ አልኩ። ልብ ብዬ ሳያት ግን እየሳቀች ነው። ከተጋባን እንዲያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ እንባዋ በጉንጯ ይወርዳል፣ ትንፋሽ አጥሯታል።

«አባባ» አለች በመከራ። «አባባ፣ ይተዉት። አልታመመም። ሞኝ ነው እንጂ አልታመመም!»

ቅሉ ቆመ። ሁሉም ወደ እኔ ተመለከቱ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ ጤንነቱን የደበቀ ሰው ምን እንዳለው ግን ማንም አልነገረኝም ነበር። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ሁሉንም አወጣሁት፤ ፈረንጁን፣ ፀሐዩን፣ ጋሻውን፣ ሳሌን። «ወይን ነው አባታችን። ወይን ብቻ ነው። እርስዎን ላከብር ብዬ ነው።»

አያ ተገኘ የአንድ ዓመት ዳገታቸው ሲናድ እያዩ ዓይናቸውን ከደኑ። ቄሰ ገበዝ ባዶውን ቅል ይዘው በሩን ተመለከቱ። በሩ ክፍት ነበር፤ መንገዱም ይታያል። ስንዱ ሳቋን አቆመች። ያን ጊዜ ፈራሁ። በሕይወቴ ብዙ ጊዜ ፈርቻለሁ፣ በዚያ ዘመን የማይፈራ አልነበረም፤ ግን የስንዱን ፊት አይቼ እንደፈራሁት ፈርቼ አላውቅም።

ቄሰ ገበዝ ተመልሰው ተቀመጡ።

«ደኅና መሆንህን ባውቅ» አሉ ዝግ ባለ ድምፅ «ፋሲካን እጠብቅ ነበር። ቀኑን ለሽማግሌ ብቆርጥም ልቤ አልቆረጠም። ዛሬ ሳልቀር የመጣሁ፣ ታሟል ቢሉኝ ነው።»

ጥምጥማቸውን አስተካከሉ።

«ትናንት ከገበያ የተመለሰ ሰው፣ መምህሩ ደም ይተፋል፣ ዘመኑም አልቋል አለኝ። ልጄ አራስ ሳትሆን መበለት ልትሆን ነው ብዬ ዳዊት ዘረጋሁ። በጸሎት ላነሳህ ብል የክርስትና ስምህን አላውቀው። ሦስት ዓመት የልጄ ባል ሁነህ፣ የክርስትና ስምህን አላውቀው! ምን ብዬ ልጥራህ? ያ መምህር ብዬ ለእግዚአብሔር ልንገረው? እንደዚያ ያፈርሁበት ቀን የለም።» ቀና ብለው አዩኝ። «ማን ነው?»

ነገርኳቸው። በከንፈራቸው ሁለት ጊዜ ደገሙት።

«በል አምጣው እስቲ ያን መድኃኒትህን።»

ብታምኑም ባታምኑም፣ ያ ሁሉ ከደረሰ በኋላ፣ ሩብ ብርጭቆ ቀዳሁላቸው። ደብተሩ ገና ከአጥንቴ አልወጣም ነበር። ቄሰ ገበዝ ብርጭቆውን ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው አዩት። ሩቡን አዩ፣ የሚንሳፈፈውን የቡሽ ፍርፋሪ አዩ።

«ስንዱ፣ ንጹሕ ነጭ ጨርቅ።»

እጃቸውን እንደገና ታጠቡ። ጨርቁን በሌላ ብርጭቆ አፍ ላይ ዘረጉ፣ መሐሉን በጣታቸው ጎድጎድ አደረጉና ወይኑን በቀጭኑ አወረዱት። አንድ ጠብታ አልባከነም። ጨርቁን እንዴት እንደጨመቁት፣ እንዴት እንዳጠፉት ባያችሁ! ያን ጊዜ ነው አእምሮዬ ወደ ቦታው የተመለሰ። እኝህ ሰው አርባ ዓመት ሙሉ በቤተ ልሔም ዘቢብ አጥበው፣ ዘፍዝፈው፣ ጨምቀው ለመሥዋዕት ሲያዘጋጁ የኖሩ ናቸው። በደባርቅና በአካባቢው ስለ ወይን አያያዝ ከእርሳቸው የሚበልጥ አልነበረም። እኔ ደግሞ ለእርሳቸው ወይን ላስተምር ተነስቼ ነበር።

«መምህር» አሉኝ ሳይቆጡ። «በእኛ ዘንድ ሰው ፊት መጠጥ አይሸተትም። ቀድሶ የመጣ ካህን ፊትም ቱፍ አይባል። የተረፈውም ይከደናል።»

«ብዬው ነበር» አለች ስንዱ።

ባርከው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ከለል አድርገው ጠጡ። አያ ተገኘ «ተመስገን» ሲሉ ሰማሁ። ጉሮሯቸው ሲወርድ ሲወጣ አየሁ፤ በዚያች ጉንጭ ሦስት ዓመት አብሮ ወረደ። ዝም ብዬ ብቀመጥ ምን ነበረበት? ግን አስተማሪ ሳይጠይቅ አይኖርም።

«እንዴት ነው አባታችን?»

ወይኑ ኮምጣጣ፣ መራራም ነበር፤ እኔም ስቀምሰው ጠርጥሬያለሁ። ቄሰ ገበዝ እንደ ጠላ ቀማሽ ራሳቸውን ነቀነቁና «ገና አልደረሰም» አሉ።

«ልጨምርልዎ» አልኩ፤ ይህን ጊዜ እንኳ አፍ እስከ ገደፉ ልሞላ አስቤ ነበር። እጃቸውን ብርጭቆው ላይ ጋረዱት።

«ሩቡን ቀምሻለሁ። ሦስቱን ሩብ ለክርስትናው አስቀምጥልኝ። እስከዚያ ይደርሳል።»

ከዚያ ከኪሳቸው የጧፍ ቁራጭ አወጡ፤ በምድጃው ሙቀት አለስልሰው በጨርቅ ላይ ለብጠው የጠርሙሱን አፍ አሸጉት። ሥራው ያምር ነበር። ደብተሬ ላይ የመጨረሻው ሕግ ምን እንደሚል ታስታውሳላችሁ፤ ከተከፈተ ከሁለት ከሦስት ቀን በላይ አይቆይም። «አባታችን፣ ይህኮ...» ልል አፌን ከፈትኩ። ስንዱ ተመለከተችኝ። አፌን ዘጋሁ። በዚያ ሳምንት ካደረግሁት ሁሉ ትክክል የሆነው ያ ብቻ ነው። ወዲያው የጊቹ ጠላ መጣ፤ እስከ አፉ እየተሞላ፣ «በሞቴ» እየተባለ ተጠጣ። እኔም የቄሰ ገበዝን ጋቢ ደርቤ፣ ከጋቢው ሥር እንደ ረጠብኩ ጠጣሁ። ማክሰኞ ለጋሻው ጠበሉ እንዳዳነኝ ነገርኩት፤ ይህም ቢሆን ሙሉ በሙሉ ውሸት አልነበረም።

ስንዱ በመጋቢት መጨረሻ ሴት ልጅ ወለደች። በሰማንያ ቀኗ፣ ሰኔ ላይ፣ በአያቷ ደብር ተጠመቀች። መጠሪያ ስሟንም አያትየው እኛን ሳያማክሩ ሐረገወይን አሏት። እኔና ስንዱ ተያየን፣ አያ ተገኘ በነጠላቸው ሳቃቸውን ሸፈኑ፣ ቄሰ ገበዝ ግን ፊታቸው አልተፈታም።

ቤት ስንገባ «ያ ነገር አለ?» አሉኝ። አለ። አምስት ወር ያህል መደርደሪያው ላይ ቆሟል፤ ማጋደሙን ትቼዋለሁ። ሰሙን በጥፍራቸው ሲያነሱት ሽታው ከተቀመጥኩበት ድረስ መጣ። ማሽተት አላስፈለገም፤ ኮምጣጤ ነበር፣ ያውም ለቁስል የሚሆን። ወይኑን የሚያውቅ ሰው አፍንጫ አያጣውም፣ እርሳቸውም አላጡትም። እኔን አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው።

ብርጭቆውን እስከ አፉ ሞላሁት። ቄሰ ገበዝ በነጠላቸው ከለል አድርገው አንድ ጊዜ ሳያቋርጡ ጠጡት። ዓይናቸው እንባ አቀረረ፣ ጢማቸው ተንቀጠቀጠ፣ ግን አልተፉም፣ ፊታቸውንም አላጨማደዱም። ብርጭቆውን ጠብታ እንኳ አለመቅረቱን ዘቅዝቀው አሳዩኝና ቀስ ብለው መደቡ ላይ አስቀመጡት።

«አሁን ደረሰ፣ ልጄ» አሉኝ።